«ጌም ቤት» ስንል የቱን ማለታችን ነው?

ነጠላ ሰረዝ ቀላል ምልክት አይደለችም። ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ካስቀመጠች ዘመድ ታደርጋቸዋለች። «ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤት፣ ጌም ቤት» የምትለዋን ሐረግ የማያውቅ የክፍላችን ተማሪ ያለ አይመስለኝም። በሬዲዮ ዜና እንሰማታለን፣ በወላጆች ስብሰባ ትነሳለች፣ የዜና አጻጻፍ መልመጃ ሲሰጠንም ብዙዎቻችን ሳናስበው እጃችን ይጽፋታል። ጫትና ሺሻ ምን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ሦስተኛው ግን ማንም ገብቶ ሳያየው እዚያ መስመር ላይ የተሰለፈ ይመስለኛል። ለጋዜጠኛ ይሄ ያሳፍራል። በሩ ክፍት ነው፣ ቆሞ ለሚያይ ክፍያ የለም፣ ባለቤቱም «ምን ፈለግህ?» የሚለው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተገትሮ ከቆየ በኋላ ነው።

እኔ መቱ ውስጥ ቆሜ አይቻለሁ። ጎሬም በደሌም አይቻለሁ። ነገሩ የትም አንድ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የኳስ ተጫዋቾች ፎቶ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ (በኢሉባቦር ክረምት ያልሆነው ወር የቱ እንደሆነ እንጃ!) በር ላይ ከጫማ የተራገፈ ጭቃ። አብዛኛው ልጅ የሚጫወተው የእግር ኳስ ጌም ነው፤ ፊፋ ወይም ፔስ። በግጥሚያ ይከፈላል፣ የተሸነፈ ይነሳል። ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ግን ጥግ ላይ ስላለችው አሮጌ ቴሌቪዥን ነው። እዚያች ጋ ለፊፋ ተራ የማይሰጣቸው ትንንሾቹ ተሰብስበው ማሪዮ ይጫወታሉ።

ማሪዮን የማያውቅ ካለ፣ ጃፓናዊው ሺጌሩ ሚያሞቶ ለኒንቴንዶ ኩባንያ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ጌም ነው። አንድ ሪዛም ሰውዬ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ገደል ከገባ ይሞታል። በቃ። እናቴ አንድ ቀን አይታው «ይሄ ሰውዬ የት ሊደርስ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ልጆቹን ለሰዓታት የሚይዛቸው ሰውዬው አይመስለኝም። የሚይዛቸው በዙሪያው የሚንቀሳቀሱት ነገሮች ናቸው። ሰውዬው የሚቆምበት፣ የሚዘለው፣ በጭንቅላቱ የሚመታው ነገር ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ ሲነኩትም መልስ ይሰጣል።

የመጀመሪያውን ስቴጅ ልብ ብላችሁ እዩት። ገና ስትጀምሩ አንዲት ቡናማ ፍጥረት ወደ እናንተ ትራመዳለች። ካልዘለላችሁ ትገድላችኋለች፣ ግን ያጣችሁት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሆነ እንደገና ትጀምራላችሁ። ዘላችሁ አናቷ ላይ ካረፋችሁ ትጨፈለቃለች። ቀጥሎ አንዱን ሳጥን ከታች ስትመቱት እንጉዳይ ይወጣል። እንጉዳዩ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፣ ከቱቦ ጋር ይጋጫል፣ ዞሮ ወደ እናንተ ይመጣል። ያችን ክፉ ፍጥረት ስለሚመስል አዲስ ልጅ ይሸሸዋል፤ ቦታው ግን ጠባብ ነውና ብዙ ጊዜ ይነካካሉ። ሲነካው ማሪዮ ያድጋል። «አሃ፣ ይሄኛው ጥሩ ነው» ይላል ልጁ። እስከዚህ ድረስ ስክሪኑ ላይ አንድም የመመሪያ ቃል አልተጻፈም። ሚያሞቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለዚህ ስቴጅ ተጠይቆ ይህ ሁሉ ታስቦበት የተሠራ መሆኑን አስረድቷል። የጌሙ መምህር እንጉዳዩና ቱቦው ናቸው ማለት ነው። (መምህሮቻችን እንዳትቀየሙኝ።)

ኤሊውስ? ኤሊውን ስትረግጡት ቅርፊቱ ውስጥ ይገባል። ቅርፊቱን ብትመቱት ይወነጨፍና ፊት ለፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይጠርጋል። ግድግዳ ካገኘ ግን ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ማን እንደመታው አይጠይቅም። መቱ ውስጥ ስምንት ዓመት የማይሞላው ልጅ ቅርፊቱን መትቶ ወዲያው ሲዘል አይቻለሁ። ቅርፊቱ ሲመለስ በሥሩ አለፈ። ከኋላው ያሉት ልጆች ደግሞ በኦሮምኛ «ኡታሊ! ኡታሊ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ዝለል ማለት ነው። ሲወድቅ ደግሞ በአንድ ድምፅ «ኩፌ!»። ይህን ያየ ሰው ልጆቹ ደንዝዘው ተቀምጠዋል ብሎ መጻፍ ይከብደዋል።

ከሁሉ የምወደው ግን ሊፍቱን ነው። ልጆቹ ሊፍት ይሉታል እንጂ ነገሩ በአየር ላይ የሚሄድ ጠፍጣፋ መቆሚያ ነው። አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ጎን፣ ሌላው ከቆሙበት ቁልቁል ይወርዳል። አንደኛው ዓይነት ቁርጥ ሚዛን ነው። ሁለት መቆሚያዎች በአንድ ገመድ ተያይዘዋል፤ አንዱ ላይ ስትቆሙ እሱ ይወርዳል፣ ጓደኛው ይወጣል፤ ብዙ ከቆያችሁበት ሁለቱም ተበጥሰው ይወድቃሉ። ይህን ለኢሉባቦር ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ቡና በሚሸጥበት አገር ያደገ ልጅ አንዱ ወገን ሲከብድ ሌላው ሲነሳ እያየ ነው የኖረው። እንዲያውም ከሌላ ከተማ ልጅ ቀድሞ ይገባው ይሆናል የሚል ጥርጣሬ አለኝ፤ ጥናት የለኝም፣ ጥርጣሬ ብቻ።

ይህ ነገር በማሪዮ አልተጀመረም። ሚያሞቶ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1981 በሠራው «ዶንኪ ኮንግ» አንድ ጎሪላ ከላይ ሆኖ በርሜል ያንከባልላል፤ ተጫዋቹ በርሜሉን እየዘለለ ወደ ላይ ይወጣል። ከመምህሮቻችን መካከል በድሮው ዶስ ኮምፒውተር ላይ «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» የተጫወተ እንዳለ እገምታለሁ (ማንነታችሁን አላጋልጥም)። አሜሪካዊው ጆርዳን ሜክነር እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ጌም ነው። ልዕልቲቱን ለማዳን ያላችሁ ስልሳ ደቂቃ ነው። እዚያ ውስጥ ስትረግጡት ተንቀጥቅጦ የሚወድቅ ንጣፍ አለ። ስትረግጡት ደግሞ በር የሚከፍት ንጣፍ አለ፤ በሩ ግን እንደተከፈተ አይቆይም፣ ቀስ እያለ ይዘጋል፤ ሮጣችሁ መድረስ አለባችሁ። ሜክነር ወንድሙን ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀርጾ ነው የልዑሉን እንቅስቃሴ አንድ በአንድ የሣለው። ስለዚህ ያ ልዑል ሲዘል የምናየው የእውነተኛ ሰው ጉልበት ነው።

አሁን ብዙ ሰው ልብ የማይለውን አንድ ነገር ልጨምር፤ የመከራከሪያዬ ዋና ምሰሶም ይሄ ነው። የዝላይ ጌም ሠሪዎች በስውር ለተጫዋቹ ያደላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ «ሴለስት» የሚባል ጌም አለ፤ አንዲት ልጅ ተራራ ትወጣለች። ልጅቷ ከመቆሚያው ጫፍ አልፋ እግሯ አየር ላይ ከሆነ በኋላ እንኳ፣ ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ጌሙ መሬት ላይ እንዳለች ይቆጥርላትና እንድትዘል ይፈቅድላታል። ተጫዋቹ ይህን አያውቅም። «ለጥቂት ተረፍኩ!» ብሎ ይደሰታል። በሚሄድ መቆሚያ ላይ ሆና ከዘለለች ደግሞ የመቆሚያው ፍጥነት አብሯት ይሄዳል፤ ከሚሄድ መኪና ላይ የወረደ ሰው ወደፊት እንደሚንደረደረው ማለት ነው። ሠሪው ሊፍቱን ያስቀመጠው ልጁ መጨረሻ ላይ እንዲያልፈው ነው። ዛሬ የጣለው ሊፍት ነገም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ፍጥነት ይጠብቀዋል። የሚለወጠው ልጁ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ሌላኛው ስክሪን እንሂድ።

በዶርማችን አንድ ስሙን የማልጠቅሰው ልጅ አለ። ከሩቅ ነው የመጣው። ለበዓል ወደ ቤቱ የሚሄድበት የትራንስፖርት ብር ተላከለት። በሦስተኛው ቀን ብሩ አልነበረም፤ ልጁም በዓሉን እዚሁ ዶርም አልጋው ላይ ተኝቶ አሳለፈው። ብሩን የበላው «አቪዬተር» ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የውርርድ ጨዋታ ነው፤ በስልክ ይጫወቱታል። አንዲት ቀይ አውሮፕላን ትነሳለች፣ ከፍ ባለች ቁጥር ያስያዛችሁት ብር በ1.2፣ በ1.5፣ በ2 እጥፍ እያለ ይባዛል። አውሮፕላኗ ሳትጠፋ ቁልፉን ከተጫናችሁ የደረሰችበትን እጥፍ ትወስዳላችሁ። ከጠፋች ያስያዛችሁት አብሯት ይሄዳል።

እኔን የገረመኝ የጠፋው ብር ብቻ አይደለም፤ ቋንቋው ነው። ልጁ «ሰዓቱን እየለመድኩት ነበር» አለኝ። «ሁለቴ ቶሎ ከጠፋች ሦስተኛው ላይ ትቆያለች፣ አይቻታለሁ» አለ። ይህ እኮ የማሪዮ ቋንቋ ነው! ሊፍቱን ለሚጠብቅ ልጅ ትክክለኛ አነጋገር ነው፤ ሊፍቱ በእርግጥም ይለመዳል። አውሮፕላኗ ግን አትለመድም። የምትጠፋበት ነጥብ የሚወሰነው ዙሩ ሲጀመር ነው፤ የጨዋታው ኮምፒውተር የሚያወጣው ምስጢራዊ ቁጥርና በዚያ ዙር መጀመሪያ ካስያዙት ሦስት ተጫዋቾች በኩል የሚመጡ ቁጥሮች ተቀላቅለው ነጥቡ ይሰላል። አውሮፕላኗ ስክሪኑ ላይ ስትነሳ ነገሩ አልቋል። ያለፈው ዙር ለሚቀጥለው ምንም አይነግረውም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው በረራ ቀድሞ የወጣ ዕጣ በዝግታ ሲነበብ ማለት ነው።

«ቁልፉን የሚጫነው እኮ ተጫዋቹ ነው» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፣ መቼ እንደሚወጣ ይመርጣል። ሎተሪ የሚገዛም ቁጥር ይመርጣል። ጨዋታው በሠሪዎቹ ስሌት ከሚያዘው ብር 97 በመቶውን በአማካይ ይመልሳል። ሲያዩት ደግ ይመስላል፣ አይደል? ሒሳቡን ሥሩት። በተለያዩ ዙሮች በድምሩ 1000 ብር ያስያዘ ሰው በአማካይ 970 ይመለስለታል። ያንኑ 970 መልሶ ካስያዘ 941 ገደማ ይሆናል። እንደገና ካስያዘ ይቀንሳል። ዙሩ ደግሞ በሰከንዶች ነው የሚያልቀው፤ በአንድ ማታ ስንት ዙር እንደሚገባ አስቡት። ሁለት እጥፍ ላይ የመድረስ ዕድሉ ከግማሽ በታች ነው። ቶሎ መውጣትም ዘግይቶ መውጣትም ይህን ስሌት አይቀይረውም። ሴለስት ውስጥ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ለተጫዋቹ ተደብቃ ትሰጣለች፤ እዚህ ደግሞ ከመቶ ሦስት ለቤቱ ትቀራለች። ሁለቱም በተጫዋቹ ዓይን አይታዩም።

እንግዲህ እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው በአንድ ስም የምንጠራቸው። ልጁ በኢሉባቦር ከተሞች ጎዳና ላይ ሲያልፍ ከውጭ የሚያየው አንድ ነው፤ ስክሪን፣ ወጣቶች፣ ጩኸት። እናት «ጌም ሲጫወት አመሸ» ስትል የትኛውን እንደሆነ አታውቅም። ማወቅ ያለበት የሚጽፈው ሰው ነበር።

ለጌም ቤት ጥብቅና ቆሜ ጥፋቱን ልሸፍን አልፈልግም። የትምህርት ሰዓት ላይ ዩኒፎርም ለብሰው የሚገቡ ልጆች አሉ፣ አይቻለሁ። ባለቤቱም ብሩን ተቀብሎ ዝም ይላል። ፊፋ ላይ ብር እያስያዙ የሚጫወቱም አሉ፤ በዚያች ደቂቃ ጌም ቤቱ ቁማር ቤት ሆኗል፣ ስሙም በዚያው ይጠራ። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ያጸደቁት፣ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራበት የበሽታዎች ዝርዝር ከቁጥጥር የወጣ የጌም ልማድን እንደ ሕመም መዝግቧል። ልብ በሉ ግን፣ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የጌምና የቁማር ችግር ለየብቻ ነው የተመዘገቡት። የጌሙን ለመመርመር ደግሞ ጠባዩ በአብዛኛው ቢያንስ ለአሥራ ሁለት ወራት የታየ መሆን አለበት። የእኛ ዜና ግን ከአንድ ማለዳ ጉብኝት በኋላ «በጌም ሱስ የተጠመዱ ወጣቶች» ይላል።

ይህ የቃላት ጨዋታ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ከዞናችን ከተሞች በአንዱ የሆነውን ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ የሚጫወትበት ጌም ቤት ከሁለት ጫት ቤቶች ጋር በአንድ ቀን ታሸገ። ሐረጓ ሥራዋን ሠራች። ሰዎቹ ልጆቹን አስበው እንዳደረጉት አልጠራጠርም። ልጆቹ ግን ከዚያ ቤት ሲወጡ ወደ ቤተ መጻሕፍት አልሄዱም፤ ሰፈሩ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት የለምና። ትልልቆቹ ስልክ ይዘው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ስልካቸው ውስጥ ምን እንዳለ ገምቱ። ወንድሜ በአሥራ አራት ዓመቱ «አውሮፕላኗ» ምን እንደሆነች ያወቀው ማሪዮ የሚጫወትበት ቤት ከታሸገ በኋላ ነው። የታሸገው በር ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ዜና ይሆናል። ስልክ አይታሸግም።

ሌላም የሚቆጨኝ ነገር አለ። ከእነዚያ ትንንሽ ልጆች መካከል አንዱ ሊፍቱ ለምን እንደሚወድቅ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚሠራ ሊጠይቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውና ለልጆች የተዘጋጀው «ስክራች» የተባለ ነጻ የፕሮግራም መማሪያ ላይ አንድ ሰው ከሰዓት በኋላውን ከሰጠው የሚሄድ መቆሚያ መሥራት ይችላል። የመጀመሪያው ችግር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው ይባላል፤ መቆሚያው ሄዶ ሰውዬው አየር ላይ ይቀራል! ሰውዬውን ከመቆሚያው ጋር ማስኬድ ለብቻው መታዘዝ አለበት። በአገራችንም የተጀመረ ነገር አለ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ከአሳዳጇ የምትሸሽ ዶሮ ያለችበትን «ኩኩሉ» የሚባል የስልክ ጌም ሠርቷል። ዶሮዋ ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ የተጫዋቹን ጣት ትታዘዛለች። አንድ ቀን ከመቱ ልጆች አንዱ በሶር ፏፏቴ ላይ የሚንሳፈፍ ግንድ ያለበት ስቴጅ ቢሠራ እኔ የመጀመሪያው ሟች ለመሆን ዝግጁ ነኝ።

ለክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በዜና መልመጃችን «ጌም ቤት» የሚለውን ቃል ያለ ማብራሪያ አንጠቀም። የቪዲዮ ጌም ቤት ከሆነ እንደዚያ እንበለው፣ ቤቲንግ ቤት ከሆነ ቤቲንግ ቤት እንበለው፣ ጌም ቤት ውስጥ ብር የሚያዝ ከሆነ ይህንኑ ያየነውን እንጻፍ። የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን ደግሞ ከፈቀዱልን አንዱ የቤት ሥራ በጌም ቤት ግማሽ ሰዓት ቆሞ ማየት ይሁን። ጥያቄው ብዙ አይደለም። ውጤቱ ላይ ብር ተይዟል ወይ? ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው ነገር ልጁ ሲነካው ይመልሳል ወይ? ዛሬ የጣለውን ነገር ነገ መጥቶ ሊያልፈው ይችላል ወይ? ስንት ሰዓት ነው፣ ልጁስ አሁን የት መሆን ነበረበት? ይህችን የመጨረሻዋን ባለቤቱን ፊት ለፊት ጠይቁት፤ ምን እንደሚመልስ እኔም መስማት እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምጣት የሚፈልግ ካለ አብረን እንሄዳለን። መብራት ካለ።